ቲቸሩ ሲዛወር ላቡ ለምን ይዘጋል?

ረጅም ነው፤ ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ግን ብዙ ዳታ አይበላም። "የኮምፒውተር ነገር እኔን አይመለከተኝም" የምትሉም ትንሽ ታገሡኝ። ሃይስኩል የሚማር ልጅ ወይ ወንድም ካላችሁ ይመለከታችኋል።

ነገሩ ይኼ ነው። በእኛ አካባቢ፣ ከሚዛን እስከ ቴፒ፣ ከዚያም ወደ ውስጥ ባሉት ወረዳዎች፣ ብዙ ጊዜ ኮምፒውተር ላቡን የሚያስከፍተው አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ካለ ላቡ ይሠራል። ስብሰባ ከሄደ፣ ከታመመ፣ ዝውውር ከደረሰው ግን የበሩ ቁልፍ ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦም ላቡ ዝግ ነው። ለምን ብላችሁ ስትጠይቁ "ባለሙያ የለም" ትባላላችሁ። ባለሙያ ጠፍቶ አይደለም ጎበዝ! የጠፋችው አንዲት መስመር ጽሑፍ ናት። ፋይል ላይ መጻፍ ሲገባት ሰውየው ጭንቅላት ውስጥ ኖረች፣ ሰውየው ሲዛወር ሻንጣውን ተከትላ ሄደች።

ለማታውቁት ላስረዳ። ላቦቻችን ውስጥ ያሉት ማሽኖች አብዛኞቹ አሮጌ ናቸው። ሃርድ ዲስካቸው የሞተ አለ፤ ያልሞተውም በቫይረስ ታጭቋል። ስለዚህ አንዳንዶቻችን ከሃርድ ዲስኩ ጋር መታገሉን ትተን ሊኑክስን ከሲዲ ወይም ከፍላሽ በቀጥታ እናስነሳለን። ላይቭ ይባላል። ኮምፒውተሩ ላይ ምንም ሳይጭን፣ ራሙ ላይ ተነሥቶ ይሠራል፤ ሲጠፋ ምንም ዱካ አይተውም። ሐሳቡ የዛሬ አይደለም። ጀርመናዊው ክላውስ ክኖፐር ክኖፒክስ የተባለውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ኡቡንቱም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ አለ፤ ካኖኒካል የተባለው ድርጅት እስከ 2011 ድረስ ሲዲውን ለጠየቀው ሁሉ በፖስታ በነፃ ይልክ ነበር። በኔ ዕድሜ ያላችሁ ያንን የካርቶን ፖስታ ታስታውሱት ይሆናል። ከተማሪዎቼ ግን "ሲዲ ምንድን ነው ቲቸር?" ያለኝ አለ። ጊዜው እንዲህ ይሄዳል።

አሁን ላቡ ውስጥ ግቡ። 24 ማሽን፣ 40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ በአንድ ማሽን ሁለትና ሦስት ልጅ። ሊኑክሱ ሲነሣ ግማሾቹ ማሽኖች ስክሪናቸው ጥቁር ይሆናል፤ የስክሪን ካርዳቸው አሮጌ ስለሆነ ከአዲሱ አሠራር ጋር አይግባባም። መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ሜኑው ሲመጣ "ኢ" የሚለውን ፊደል ትጫናላችሁ (በአንዳንዱ ታብ ነው)፣ መስመሩ ላይ "ኖሞድሴት" የምትል አንዲት ቃል ትጨምራላችሁ፣ ኤፍ 10 ትላላችሁ። በቃ። ቃሏ ለስክሪን ካርዱ "አትራቀቅ፣ በተራው መንገድ አሳየኝ" ማለት ናት። ማሽኑ ይነሣል፣ ልጆቹ ያጨበጭባሉ፣ ቲቸሩ ጠንቋይ ይመስላል።

ችግሩ ሲጠፋ ነው። የጻፋችኋት ቃል ለዚያች አንድ ማስነሻ ብቻ ናት። መብራት ሄዶ ሲመጣ (የሚዛንን መብራት ለሚዛን ሰው አላስረዳም) ሁሉም ከእንደገና። ለአንድ ማሽን አንድ ደቂቃ ቢፈጅ፣ ጥቁር የሚሆኑት 12 ከሆኑ 12 ደቂቃ ሄደ። መብራቱ በክፍለ ጊዜው ሁለቴ ከሄደ የዕለቱ ትምህርት ምን እንደነበር እናንተው ገምቱ። ልጁ በሳምንት የሚያገኛት ያቺኑ ክፍለ ጊዜ ነው እኮ። በቡና ለቀማ ወር ደግሞ እሷም ታመልጠዋለች።

ይህን ሳነሣ ከሙያ ባልደረቦቼ የሚመጣልኝ መልስ "ልጆቹ በየቀኑ ቢጽፉት ምን አለበት? ልምምድ ነው" የሚል ነው። ልምምድ! ልጅ ወደ ቤቱ በገባ ቁጥር የበሩን ማጠፊያ ነቅሎ ይትከል፣ አናጺነት ይለማመዳል እንደ ማለት። አንድ ቀን አሳዩአቸው፣ ምን እንደሆነ አስረዱአቸው፣ ሁለተኛ ቀን ግን ማሽኑ ራሱ ያስታውሰው። ልጁ ላብ የሚገባው ሰንጠረዥ ሊሠራ፣ ደብዳቤ ሊጽፍ፣ ፓይተን ሊሞክር ነው።

ሌላም መልስ አለ፤ አፍ አውጥቶ የሚናገረው የለም እንጂ። "እኔ ከሌለሁ አይሠራም" መባል ይጣፍጣል። ላቡ በኔ እጅ ሲነሣ ርዕሰ መምህሩ ይፈልገኛል፣ ወረዳው ይጠራኛል፣ ጥገና ሲመጣ አበል አለች። አንዲቷን ቃል ፋይል ላይ ከጻፍኳት የእንግሊዝኛ መምህሯም ልታስነሣው ትችላለች! ከዚያ እኔ ማን ነኝ? እንዲህ የሚያስብ ሰው የለም አትበሉኝ፤ እናውቃቸዋለን። ዕውቀትን እንደ ደብተራ አስማት አሽጎ መያዝ በኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም።

እስቲ ከክኖፒክስ ተማሩ። እነሱ እነዚህን የማስነሻ ትዕዛዞች "ቺት ኮድ" ነበር የሚሏቸው፣ እንደ ጌም። ዝርዝራቸውን በጽሑፍ ፋይል አድርገው እዚያው ሲዲው ላይ አስቀመጡት። ሲዲው ያለው ሰው ሁሉ ኮዱም አለው። የኛዎቹ ኮድ የት ነው ያለው? ታህሣሥ ላይ ወደ ሌላ ዞን ተዛውሯል፤ ስልኩም አይሠራም።

አሁን ወደ ሥራው። "ላይቭ ሲስተም ምንም አያስታውስም፣ ስለዚህ ቋሚ ማድረግ አይቻልም" የሚሉ አሉ። ውሸት ነው። ላይቭ ሲስተሙ የማያስታውሰው ከተነሣ በኋላ የሆነውን ነው። እንዴት እንደሚነሣ የሚነግረው ግን ፍላሹ ላይ ያለ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። በአዲሶቹ ማሽኖች "ግራብ ነጥብ ሲኤፍጂ" ይባላል፤ "ቡት" ከሚለው ፎልደር ውስጥ "ግራብ" የሚል ፎልደር አለ፣ እዚያ ነው። በአሮጌዎቹ አነሣስ ደግሞ "አይሶሊኑክስ" ወይም "ሲስሊኑክስ" የሚል ፎልደር ውስጥ ነው። ፋይሉን በኖትፓድ መክፈት ይቻላል! ግራቡ ላይ "ሊኑክስ" ብሎ የሚጀምር፣ አይሶሊኑክሱ ላይ "አፔንድ" ብሎ የሚጀምር መስመር ታገኛላችሁ። በየቀኑ በእጃችሁ የምትጽፉትን እዚያ መስመር ላይ አንዴ ጽፋችሁ ሴቭ በሉ። አለቀ። (ትዕዛዞቹን በፊደላችን የጻፍኳቸው ለአነባበብ ነው፤ የላቲን አጻጻፋቸውን ፎቶ አንሥቼ የመጀመሪያው ኮሜንት ላይ አድርጌዋለሁ።)

ሴቭ አልል ካላችሁ ምክንያቱ ፍላሹ የተሠራበት መንገድ ነው። ሲዲ አንዴ ከተቃጠለ አይነካም፤ ፋይሉን አስተካክሎ አዲስ ሲዲ ማቃጠል ብቻ ነው ያለው። ፍላሽም ቢሆን ምስሉ እንዳለ ከተገለበጠበት ሲዲ መስሎ ይቀመጣል፣ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይቀበልም። ስለዚህ ስትሠሩት ሩፉስን ተጠቀሙ። "በአይኤስኦ መንገድ ወይስ በዲዲ መንገድ?" ብሎ ሲጠይቃችሁ አይኤስኦን ምረጡ። ያኔ ፍላሹ እንደ ማንኛውም ፍላሽ ይከፈታል። ዩኔትቡቲንም እንዲሁ ያደርጋል።

ብዙ ሰው የሚደክመው በማያስፈልግ ቦታ ነው። ሊኑክሱን ያስነሣና ተርሚናል ከፍቶ፣ ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን ተከትሎ፣ "አፕዴት ግራብ" ይላል። እሱ ሃርድ ዲስክ ላይ ለተጫነ ሲስተም እንጂ ለላይቭ አይደለም። በቆዩት ኡቡንቱዎች ላይ ስትሞክሩት የሚመጣው ስህተት ያስቃል፦ "ካው" የሚባለውን ቦታ ላገኘው አልቻልኩም ይላል። ካው በኮምፒውተሩ ቋንቋ ጽሑፍ ሲመጣ ቅጂ አድርጎ የመያዝ ዘዴ ምሕጻረ ቃል ነው፤ በተራ እንግሊዝኛ ግን ላም ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! እውነቱን ነው ማሽኑ። ላሟ ያለችው ራሙ ላይ ነው፤ መብራት ሲሄድ አብራ ትሄዳለች።

ሁለት ሦስት ጥንቃቄ። ሜኑው ስንት ሰከንድ ይጠብቅ የሚለውን ቁጥርም አስተካክሉ፣ ማንም ሳይነካው እንዲነሣ። ግን ግራብ የሚቆጥረው በሰከንድ ነው፣ አይሶሊኑክስ በሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ነው። ለ5 ሰከንድ ግራቡ ላይ 5፣ አይሶሊኑክሱ ላይ 50። ዜሮ ብትጽፉ ግራብ ወዲያው ይሄዳል፤ አይሶሊኑክስ ደግሞ እስከ ምጽአት ይጠብቃል። ከዚያ ሌላ፣ አዲሶቹ ኡቡንቱዎች ሲነሡ ፋይሎቻቸውን ይመረምራሉ። እናንተ ያስተካከላችሁትን ሲያገኙ "አንድ ፋይል ላይ ስህተት አለ" ሊሉ ይችላሉ። አትደንግጡ፣ ያ ስህተት የእናንተ እጅ ጽሑፍ ነው። ምርመራውን የሚያስቀር ትዕዛዝም እዚያው መስመር ላይ ይጨመራል፤ ለአሮጌ ማሽን ጊዜም ያተርፋል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም ጠዋት ጠዋት ፍላሹን አላይ ካለ የማዘርቦርዱን ባትሪ እዩ። ያቺ ክብ ሳንቲም የምትመስል፣ 2032 የሚል የተጻፈባት። አሮጌ ማሽን ላይ ስትሞት "መጀመሪያ ከፍላሽ ተነሣ" ያላችሁትንም፣ ቀኑንም ትረሳለች። ሙሉ ኮምፒውተር "ተበላሽቷል" ተብሎ ስቶር የሚጣለው አንዳንዴ በዚህች ባትሪ ነው። የዝናቡና የእርጥበቱ አገር ላይ ደግሞ ስቶር የገባ ነገር እንዴት እንደሚወጣ ታውቃላችሁ።

እዚህ ጋ ጥሩ ጥሩ ልጆች፣ የራሴ የድሮ ተማሪዎች ጭምር፣ ይቃወሙኛል። "ቲቸር፣ ፐርሲስተንስ አድርገው፣ ሁሉንም ያስታውሳል" ይሉኛል። አውቀዋለሁ። ፍላሹ ላይ ቦታ ተከልሎለት ሲስተሙ የተደረገበትን ለውጥ ሁሉ የሚያስቀምጥበት መንገድ ነው። ለግል ፍላሽ ግሩም ነው። ለትምህርት ቤት ላብ ግን በፍጹም እላለሁ።

አንደኛ ነገር የማስነሻ ትዕዛዝን አያስታውስም! ፐርሲስተንሱ የሚከፈተው ከርነሉ ከተነሣ በኋላ ነው፤ ትዕዛዙ ግን ለከርነሉ መነገር ያለበት ከመነሣቱ በፊት ነው። ቡናው ተቀድቶ ሲኒ ውስጥ ከገባ በኋላ ጀበናው ውስጥ ኮረሪማ መጨመር ነው። ራሱ ፐርሲስተንሱ እንዲሠራ እንኳ እዚያችው መስመር ላይ ቃሉ መጻፍ አለበት። ስለዚህ ከፋይሉ አታመልጡም።

ሌላው፣ የላይቭ ትልቁ ጸጋ መርሳቱ ነው። አንዱ ልጅ የዴስክቶፑን ምስል የማይሆን ነገር ያደርገዋል፣ አንዷ ፎልደር ታጠፋለች፣ አንዱ ቋንቋውን ቻይንኛ አድርጎት ይወጣል (ሆኗል!)። አጥፍታችሁ ስታበሩት እንደ አዲስ ነው። ይህን ጸጋ ወርውራችሁ የ60 ልጅ ኮተት የሚሸከም ፍላሽ መሥራት ምን ይባላል? በዚያ ላይ ሁልጊዜ የሚጻፍበት ፍላሽ መብራት ድንገት ሲሄድበት ሊበላሽ ይችላል፤ ርካሽ ፍላሽ ደግሞ በመጻፍ ብዛት ያልቃል። አነሣሱ ቋሚ ይሁን፣ የተማሪው ኮተት ይጥፋ። ልጁ ሥራውን በራሱ ፍላሽ ይያዝ ወይም ሲወጣ ቲቸሩ ፍላሽ ላይ ይሰብስብ።

ራሙ በቂ ለሆነ ማሽን "ቱራም" የምትለዋንም እዚያ መስመር ላይ ጨምሩ። ሲስተሙን በሙሉ ራም ላይ ይገለብጠዋል፤ ከዚያ ፍላሹ ተነቅሎ ለሌላው ማሽን ይሆናል። በአምስት ፍላሽ ላቡን ሁሉ ማስነሣት ይቻላል ማለት ነው። ጅማሬው ይዘገያል፣ መብራት ከሄደም ፍላሹ እንደገና መዞር አለበት፣ ያ እውነት ነው። 1 ጊጋ ራም ላለው ማሽን ትልቁን ኡቡንቱ ራም ላይ እገለብጣለሁ ማለትም ቅዠት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ፓፒ የሚባል ትንሽ ሊኑክስ አለ፣ አውስትራሊያዊው ባሪ ካውለር እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው። ስሙ ቡችላ ማለት ነው፤ ልጆቹ ይወዱታል። ደቢያን ላይቭ ለምትጠቀሙ ደግሞ የኢትዮጵያን ሰዓት ክልልና የአማርኛውን ኪቦርድ እዚያው ማስነሻ መስመር ላይ መስጠት ትችላላችሁ። ልጁ ገና ሲከፍተው "ሀለሐመ" መጻፍ ይችላል፣ "ቲቸር አማርኛው የት ነው?" የሚል ጥያቄ የለም።

የዊንዶውስ ወገኖቼ ደግሞ አላችሁ። "ይህን ሁሉ ጣጣ ከምታወራ ክራኩን ጭነህ አትገላገልም?" እሺ፣ ጫንኩ እንበል። የዊንዶውስ 7 ድጋፍ በጥር 2012 ዓ.ም. ቆሟል፣ የዊንዶውስ 10ም በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ቆመ። 11ዱ የኛን ማሽኖች በር ላይ ነው የሚመልሳቸው። ክራኩ ራሱ ከቫይረስ ጋር ነው የሚመጣው፤ ከዚያ ወር ሳይሞላ "ፎርማት ያስፈልገዋል" ተብሎ በባጃጅ ወደ ከተማ ይጫናል። አንድ ነገር ግን እውነታችሁን ነው፦ መማሪያ መጽሐፉ የሚያሳየው የማይክሮሶፍቱን ወርድና ኤክሴል ነው፣ የሊብሬ ኦፊስ ሜኑ ደግሞ ይለያል። ይህ ለመምህሩ ተጨማሪ ሥራ ነው፣ አልክድም። ግን በተዘጋ ላብ ውስጥ ያለ ኤክሴል ለማን ነው?

"አዲስ ኮምፒውተር ሊመጣ ነው" የሚለውንም ሰምቻለሁ። ይምጣ፣ እሰየው። እኛ የፕላዝማ ልጆች ነን። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሲመጣ የሰው አስተማሪ ሊያስቀር የመጣ ነበር የሚመስለው። ዕቃው በየክፍሉ ቆመ፣ መብራት ሲጠፋ ጠፋ፣ ሲበላሽ የሚነካው ጠፋና ግድግዳ ላይ ጥቁር መስታወት ሆኖ ቀረ። ፊታችንን እያየንበት ፀጉር አስተካክለንበታል። ዕቃ መጣ ማለት ዕቃው ያለ አንድ ሰው ይሠራል ማለት አይደለም።

ለምን እንደምጮህ ልንገራችሁ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. በኮምፒውተርም መሰጠት ጀምሯል። ከቡና ማሳ መካከል የመጣ፣ ማውዝ በእጁ ይዞ የማያውቅ ልጅ፣ ቤቱ ላፕቶፕ ካለው የአዲስ አበባ ልጅ ጋር አንድ ስክሪን ፊት ይቀመጣል። ጥያቄውን ያውቀዋል፣ ጣቱ ግን አያውቀውም። አራት ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤቱ ውስጥ 24 ኮምፒውተር ነበረ፤ በጨርቅ ተሸፍኖ። ለዚያ ልጅ "ኖሞድሴት የምትለዋን የሚያውቀው ቲቸር ተዛውሮ ነው" ብላችሁ ንገሩት እስቲ።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለአይሲቲ መምህራን ነው፣ በተለይ ለተማሪዎቼ ለነበራችሁና ዛሬ ቾክ ለያዛችሁት። የዝውውር ፎርም ከመሙላታችሁ በፊት ፋይሉን አስተካክሉ። አንድ ዋና ፍላሽ ሠርታችሁ ግልባጩን ለርዕሰ መምህሩ ስጡ፣ አንዱን ለላይብረሪ ሠራተኛዋ። አንድ ገጽ ወረቀት በአማርኛ ጽፋችሁ ላቡ በር ላይ ለጥፉ፦ የትኛው ማሽን በየትኛው ፍላሽ እንደሚነሣ፣ ፋይሉ የት እንዳለ፣ ምን እንደተጨመረበት። ከዚያ ፈትኑት። እናንተ ውጭ ቁሙ፣ የታሪክ መምህሩ ገብቶ ያብራው። ካቃተው ወረቀቱ ወይም ፍላሹ ጎድሎታል ማለት ነው፤ መልሳችሁ ሥሩት።

ርዕሰ መምህራንም ካላችሁ፣ መምህር ሲለቅ የመጽሐፍና የወንበር ክሊራንስ ትጠይቃላችሁ አይደል? ያቺንም ፍላሽ ጠይቁ፤ ሲያስረክብ ፊታችሁ ያስነሣት።

በሚዛንና በአማን ዙሪያ ላላችሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባዶ ፍላሽ ይዛችሁ ከመጣችሁ እገለብጥላችኋለሁ፤ 8 ጊጋ ይበቃል። ቴፒና ከዚያ ወዲያ ያላችሁ የማሽናችሁን ዓይነትና የራሙን መጠን በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ መስመሩን ጽፌ እልክላችኋለሁ። ፎቶው ኮሜንት ላይ አለ።